ትርፍ ፍራሽ

«ታዲያ ፍራሹን ለምን ደበቃችሁት?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ።

«መደበቅ አትበለው» አሉ ጋሼ ከረባታቸውን እያጠበቁ። «ቤት ማሰናዳት ይባላል። ሰው ሲመጣ ቤት ይሰናዳል። እዚያ ዙሪክ ዳር ረገንስዶርፍ ከላጤዎች ጋር ስትኖር ረስተኸዋል መሰለኝ።»

«ሰውየው የመጣው እኮ ፍራሹን ሊያይ ነው።»

«ፈረንጅ የሰው ፍራሽ ሊያይ ከቢሮው አይነሳም።»

«ይነሳል ጋሼ። ደመወዙን የሚበላው በዚያ ነው።»

እህቴ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱ አጠገብ ቆማለች፤ የለዛቫንሼን፣ የዚያን የጄኔቫ ሰፈር፣ ባለቀለም ፎቆች ታያለች። የጋሼ ባለቤት እትዬ፣ የእህቴ የክርስትና እናት፣ የወጥ ቤቱን በር ተደግፈው የሽርጣቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። ማንም ተቀመጥ አላለኝም። ኦፕፊኮን ከምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ፈቃድ ጠይቄ በማለዳ ባቡር ከዙሪክ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነበር፤ ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው ከእህቴ ጋር እስከ ነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ እንዲሄዱና ልጅቷ እኔ ቤት ትኖራለች፣ የምትተኛው ሳሎን ወለል ላይ ነው ብለው እንዲመሰክሩ። ቢሮው የሰጣት ጊዜ የሚያበቃው በዚያ ቀን ነው።

እህቴ አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ነው የተማረችው። እኔ ዘንድ ዙሪክ ብትቀመጥ የጀርመንኛ ፊደል ቆጣሪ ሆና ትቀር ነበር፤ ሕክምና ልትማር የምትችለው ጄኔቫ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የካንቶኑን፣ የዚያን ክፍለ ሀገር፣ ነዋሪ በትንሽ ክፍያ ይቀበላል፤ ከውጭ የመጣውን ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንሶላ ባጥብ የማልደርስበትን ይጠይቃል። ነዋሪ ለመባል ዓመት ሙሉ እዚያው መኖር ያስፈልጋል። ስምን የፖስታ ሳጥን ላይ መለጠፍ አይበቃም። በዘመድ አድራሻ የሚያታልል ሰው ስለበዛ ቢሮው ሰው ልኮ ቤቱን ያያል።

እህቴ ግን አላታለለችም። ዓመቱን በሙሉ እዚያ ቤት ኖራለች። ማታ የስፖንጅ ፍራሿን በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ትዘረጋለች፤ ጠዋት ጋሼ ሳይነሱ ጠቅልላ ከሶፋው ጀርባ ታቆመዋለች። ቀን ካፌ ውስጥ ሳህን ታጥባለች። ቤቱ አንዲት ትንሽ ትርፍ ክፍል ነበረችው፤ ክፍሏ ግን የጋሼ የቤት ቢሮ ነበረች። ግድግዳው ላይ አዲስ አበባ በአንድ ሚኒስቴር የዋና ክፍል ኃላፊ ሳሉ ሪባን ሲቆርጡ የተነሱት ፎቶ ተሰቅሏል። በዚያ የቤት ቢሮ ምን ይሠሩ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሼ በአብዮቱ ሰሞን ለስብሰባ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ በዚያን ጊዜ እኔ ኦፕፊኮን እንደምሠራው ያለ ሥራ ጄኔቫ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ስለ እሱ ግን ወሬ አይነሳም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እህቴ ካፌ ሥራ ላይ ሳለች፣ የቢሮው ሰው ከታች ደወለ። በሩን ከፈቱለት። ሰውየው በአሳንሰር እስኪወጣ ድረስ ባልና ሚስት ሆነው ፍራሹን በረንዳ ላይ አውጥተው በሸራ ሸፈኑት፤ ልብሷን በሻንጣ አጭቀው አልጋቸው ሥር ከተቱት። የጥርስ ብሩሿ እንኳ ከመታጠቢያ ቤቱ ተነሳ። ከዚያ ሰውየውን ሳሎን አስቀምጠው ጠርዙ በወርቅ ቀለም በተነከረው ሲኒ ሻይ ሰጡት፤ ኬክም ቆረሱለት። ልጅቷ የት ነው የምትተኛው ብሎ ሲጠይቅ ጋሼ በዚያ በተመረጠ ፈረንሳይኛቸው የራሷ ክፍል እንዳላት ነገሩት። ክፍሉን አሳዩኝ አለ። አሳዩት። ጠረጴዛ፣ መጻሕፍት፣ የሪባኑ ፎቶ። አልጋ የለም፤ የሴት ልጅ ጫማ የለም። ሰውየው ስለ ሻዩ አመስግኖ ሄደ። በማግሥቱ እህቴ በዚያ ቤት አትኖርም ተባለ። ቤቱን የተከራየው ሰው ራሱ ቀርቦ እውነቱን ካላስረዳ በቀር።

እትዬን ልረዳቸው እችላለሁ። እሳቸው ባላቸው ከወጡ በኋላ ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ቀርተው ነበር። የደርግን የቤት ለቤት አሰሳ አይተዋል። በሩ ሲንኳኳ ትርፍ ፍራሽ ያስጠይቅ ነበር፤ ማን ተኝቶበት ነው፣ ለቀበሌ አስመዝግባችኋል ወይ፣ የት ሄደ። ወንድማቸውን ያሳደሩ ጊዜ ፍራሹን ቀድደው ጥጡን በትራስ ልብስ እንደከፋፈሉት አንድ ቀን ነግረውኛል። እጃቸው የለመደውን ነው የሠራው፤ ደጃፍ ላይ የመንግሥት ሰው ቆሟል ሲባል የሰው ዱካ ማጥፋት። እዚህ አገር መንግሥት የሚፈልገው ዱካውን እንደሆነ ለእጃቸው የነገረው የለም።

ጋሼን ግን ደጋግሜ አሰብኩ፤ ባሰብኩ ቁጥር አንገሸገሸኝ። እሳቸው ፈርተው አልነበረም። በየበዓሉ በተሰበሰብንበት ሁሉ «ልጃችን ናት፣ የራሷ ክፍል ሰጥተናታል» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እህቴም አጠገባቸው ዳቦ እየቆረሰች አንገቷን ትደፋ ነበር። አንድ ጊዜ ለጋብቻ በዓላቸው ግጥም ጻፍልኝ ብለው «ስደተኛን ስለሚያስጠጋ ደግ ቤት» የሚል ሐሳብ ጨምርበት ብለውኛል። አልጻፍኩም፤ ሥራ በዛብኝ አልኩ። የማክሰኞው ኬክ ግማሹ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክሬሙ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። የሽቷቸው ጠረን ከኬኩ ጋር ተቀላቅሎ ሳሎኑን ሞልቶት ነበር።

«መፍትሔ አለ» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን እያለሳለሱ። ሰውየውን እሑድ ምሳ መጥራት። ዶሮ ይሠራል። ከጎረቤት አንድ አልጋ ተውሰው ቢሮው ውስጥ ይዘረጋሉ፤ እሱም እየበላ ያያል። ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነው፣ ቤት ገብቶ የበላ ሰው ደግሞ አይጨክንም አሉ።

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ጊዜው ዛሬ እንደሚያበቃ አስታወስኳቸው። ውሸቱን በሌላ ውሸት ከመሸፈን እውነቱን መናገር እንደሚቀልም ነገርኳቸው።

«አንተ ገጣሚ ስለሆንክ ይቀልልሃል» አሉ። «እኔ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሕዝብ አለ። ነገ ይህ ነገር በወረቀት ሰፍሮ ሲወጣ፣ እገሌ የክርስትና ልጁን መሬት ላይ ያስተኛል ተብሎ ሲወራ…»

«ማን ያወራል ጋሼ? የቢሮው ጸሐፊ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው?»

«አንተ ታወራለህ።»

እትዬ ያኔ ብቻ ተናገሩ። «እኔ ልሂድ» አሉ፤ ቀስ ብለው። «ልብሴን ልቀይርና እኔ ልሂድ።»

«ቋንቋ የለሽም» አሉ ጋሼ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ደግሞም ውሉ በእኔ ስም ነው።»

ልክ ነበሩ፤ ቢሮው የሚፈልገው እሳቸውን ነው። የእትዬ እጅ ወደ ሽርጣቸው ኪስ ገባና የእህቴን የጥርስ ብሩሽ ይዞ ወጣ። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያው ኖሯል። መልሰው ለመክተት ሞከሩ፤ ግን ሁላችንም አይተነዋል።

እህቴ ከመስኮቱ ዞረች። አላለቀሰችም። ጋሼ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ምንም ለምኜዎት አላውቅም። ይምጡና መሬት ላይ እንደምተኛ ይንገሩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጋሼ ከረባታቸውን ነኩ። ጫማቸውን አዩ፤ የተወለወለ ነበር። የሚሄዱ መስሎኝ ካፖርታቸውን ከመስቀያው ላነሳ እጄን ዘረጋሁ።

«መሬት ላይ አይደለም» አሉ። «ፍራሽ ላይ ነው።»

እህቴ ጎንበስ ብላ ከአልጋቸው ሥር የወጣውን ሻንጣዋን አነሳች። እትዬ ዘንድ ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ብሩሹን ከእጃቸው ተቀብላ የካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«የዙሪኩ ባቡር መቼ ነው?» አለችኝ።

«አሁን ብንወጣ እንደርሳለን» አልኩ።

«ሆቴሉ ሰው ይፈልጋል ብለኸኝ ነበር።»

ሻንጣውን ልቀበላት ብል አልሰጠችኝም። ቀድማኝ ወጣች። የእትዬ ልቅሶ ከወጥ ቤት መሰማት ሲጀምር እኔም ተከተልኳት፤ አሳንሰሩ አልመጣም ነበርና በደረጃው መውረድ ጀመርን። በሩን በርግጄ ትቼው ነበር። ጋሼ ከኋላችን መጡ። የሚጠሩን መስሎኝ ዞር አልኩ። ግራ ቀኝ ኮሪደሩን አዩና፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።