ፈዋዝ የሰመጠበት ስብሰባ

ነጅሙዲን ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ክፉ ስለሚለው ነው። ከባለቤቱ ከሻሂዳና ከአንድ ልጃቸው ከኢቅራ ጋር እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አፕል ቫሊ በምትባል ከተማ ይኖራል፤ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፣ ሰው አያማም። አንድ በሽታ ግን አለበት፤ ይሉኝታ። መንገደኛ ሻንጣውን እግሩ ላይ ቢጥልበት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። የልቡን በአደባባይ ከሚናገር ጥርሱን ቢነቅሉት ይሻለዋል። ይሉኝታ ሰውን ጨዋ ያደርጋል ይባላል፤ እኔ ግን ውሸታም ሲያደርግ አይቻለሁ።

ኢቅራ በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ላይ አሥራ ስድስት ሞልቷት ነበር። ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ትማራለች። መምህሯ ሚስስ ሊንድግረን በማርች ዕረፍት ተማሪዎቿን ወደ ስፔን ልትወስድ ተነሣች። አብዛኛውን ጊዜ ግራናዳ ሊሰነብቱ፣ ሁለት ቀን ግን ወጣ ብለው ሌላ ከተማ ሊያድሩ ነው። የትኛው ከተማ የሚለውን ወላጆች ተሰብስበው ይምረጡ ተባለ። አንደኛዋ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለችው ኔርሃ ናት፤ ሁለተኛዋ ተራራ ላይ የተሠራችው ሮንዳ።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሻሂዳ ሥራ ላይ ስለነበረች ነጅሙዲን ብቻውን ሄደ። መምህሯ መብራት አጥፍታ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ ታሳይ ጀመር። መጀመሪያ ኔርሃ መጣች፤ ሰማያዊ ውኃ፣ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ መሐረብ የማታክል ጨርቅ ጣል ያደረጉ ሴቶች። ነጅሙዲን ጫማውን ማየት ጀመረ። ቀጥሎ ሮንዳ መጣች፤ ገደል አፋፍ ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ጠባብ መንገዶች፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌዎች። ያኔ ቀና አለ። ሽማግሌዎቹን ወደዳቸው።

ክርክር ተጀመረ። ክርክር መባሉም ለወጉ ያህል ነው፤ ውጭ በረዶው ጉልበት ድረስ ተከምሮ እያለ ባሕር የሚጠላ ማን አለ? አንዱ አባት ልጆቹ ትንሽ ፀሐይ ይምታቸው አለ፤ ሌሎቹም ሳቁና ተስማሙ። ነጅሙዲን ውስጡ ይቃጠላል። ሊለው የፈለገው አጭር ነገር ነበር፤ ልጄ እንዲህ ለብሳ ባሕር እንድትገባ አልፈልግም፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም። አንድም ሰው አይቆጣውም ነበር። እሱ ግን ሁሉም ዞረው ሲያዩት፣ ቤታቸው ገብተው ሲያወሩት ታየው። አላበው።

ሚስስ ሊንድግረን ደግ ሴት ናት፤ ዝም ማለቱን አይታ ሐሳቡን ጠየቀችው። ዞረው አዩት። ብድግ አለ። ከአፉ የወጣውን ሲሰማ ራሱም ደነገጠ። ወንድሙን ውኃ በልቶታል አላቸው። ታላቅ ወንድሙን። አገር ቤት፣ ሐይቅ የሚባል ቦታ፣ ልጆች ሆነው ሲዋኙ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ባየ ቁጥር ሰውነቱ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ልጁ ባሕር አጠገብ ስታድር እሱ እዚህ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገራቸው። እንባውም መጣ።

እንባው የውሸት አልነበረም፤ የከፋውም ይኸው ነው። ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ፈዋዝ፣ መካከለኛው ነጅሙዲን፣ ትንሹ ደሴ የሚኖረው አክረም። ነጅሙዲን ልጅ ሳለ ሐይቁ ውስጥ እውነትም ሰምጦ ነበር። ጠልቆ ገብቶ በፀጉሩ ጎትቶ ያወጣው ፈዋዝ ነው። ያን ዕለት ስብሰባው ላይ ያዳነውን ወንድሙን በራሱ ቦታ አሰመጠው። ፈዋዝ ደግሞ በዚያች ሰዓት እዚሁ አቅራቢያ በሚኖርባት ብሩክሊን ፓርክ፣ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ አላህ ይጠብቀውና፣ በሙሉ ጤንነት የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳ ነበር።

ስብሰባተኛው አዘነለት። ከዚያ ሁሉም ለሮንዳ እጁን አወጣ። ስለ ፀሐይ ያወራው አባት መጥቶ አቀፈው። ነጅሙዲን ወደ ቤቱ ሲነዳ፣ ነገ ደውዬ አስተካክለዋለሁ እያለ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገራችን ሰው፤ ነገውም አለፈ፣ ከነገ ወዲያውም።

ኢቅራ ወሬውን የሰማችው ከመምህሯ ነው። ሚስስ ሊንድግረን ከክፍል ስትወጣ ጠብቃ አቀፈቻት፣ ስለ አጎትሽ በጣም አዝናለሁ አለቻት። የክፍል ጓደኛዋ እናት ጃኒስ ደግሞ ቤተሰቡ ምን ምን እንደሚበላ ልጇን ልካ አስጠየቀቻት። ልጅቷ ቤት ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ አባቷ ፊት ቆመች።

«ዳድ፣ አጎቴ ፈዋዝ መቼ ነው የሞተው?»

ነጅሙዲን ቴሌቪዥኑን አየ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።

«ስታቅፈኝ ዝም አልኩ» አለች ኢቅራ። «ላንተ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን እኔም ላየር፣ ውሸታም ነኝ።»

እነግራቸዋለሁ፣ ሰኞ እነግራቸዋለሁ አላት። ለምን እንደዋሸ ግን አልነገራትም፤ ባሕሩን፣ ልብሱን፣ ሴቶቹን አንሥቶ ከገዛ ልጁ ጋር ማውራት አሳፈረው። ሰኞ መጥቶ ሄደ። ኢቅራም ከዚያ ወዲያ ሲያናግራት በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአንድ ቃል ትመልስለት ጀመር።

እሑድ ፈዋዝ እንደ ልማዱ ለምሳ መጣ። ነጅሙዲን ሥራ ላይ ነበር። በር ተንኳኳና የከፈተው ፈዋዝ ሆነ። ጃኒስ በፎይል የተሸፈነ ትኩስ የመስታወት ትሪ ይዛ ቆማለች፤ እዚህ አገር ኀዘን ቤት የሚወሰደውን በድንች የተጋገረ ሆት ዲሽ። አሳማ እንደማይበሉ ስለተነገራት በቱና ነው የሠራችው። ወንድማችሁን በማጣታችሁ አዝናለሁ አለችው። የፈዋዝ እንግሊዝኛ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ ቢሆንም «ብራዘር» እና «ሶሪ» ለማንም አይጠፉም። እኔም ወንድም ነኝ አላት፣ ደረቱን እየነካ። እጁን ጨበጠችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረና ሄደች።

ፈዋዝ ትሪውን ይዞ በሩ ላይ ቀረ። የኛን ወግ ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞትብህ መጨረሻ የምትሰማው አንተ ነህ። ዘመድ አስቀድሞ ይሰማል፣ ይመካከራል፣ ይደብቅሃል፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ሰብሰብ ብሎ መጥቶ ያረዳሃል። ፈዋዝ በሕይወት አለ፣ ነጅሙዲን ሥራ ላይ ነው፤ የቀረው ወንድም አክረም ብቻ ነው። ፈረንጆቹ እንኳ ሰምተው ምግብ ያመጣሉ፤ መርዶው የተደበቀው ከእሱ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አገር ቤት ያሉት ሁሉ ደህና ናቸው ወይ ሲል ሻሂዳን ጠየቃት። የባሏን ውሸት የምታውቀው ሻሂዳ ትሪውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ሁሉም ደህና ናቸው ብላ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች። ጥርጣሬ ቀርቶበት ቢሆን እንኳ እዚያ ላይ አለቀ።

ጨዋ ሰው ነውና ያቀዱትን አላፈረሰባቸውም። ውኃ ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ደሴ ደወለ። አክረም ቤት ስልክ የለም፤ የሚጠራው ከጎረቤት ሱቅ ነው፣ ሱቁ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተዘግቷል። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ሲል ፈዋዝ ጮኾ አለቀሰ። ጩኸቱን የሰማው ጎረቤቱ ሆርዶፋ ነው። ሆርዶፋ ለአንዱ ነገረ፣ አንዱ ለሌላው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ቤቱ በሰው ሞላ።

ሆርዶፋ ለነጅሙዲን ደውሎ፣ ፈዋዝ ሰምቷል፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትደብቁታላችሁ አለው። ነጅሙዲን ውሸቱ የተሰማ መሰለው። ከሥራ ሲመለስ ሻሂዳንና ኢቅራን ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ብሩክሊን ፓርክ ሄደ። በሩ ላይ የተከመረውን ጫማ ሲያይ ግራ ገባው። ውስጥ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዱ ቁርዓን ይቀራል። ፈዋዝ ብድግ ብሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«ብቻህን ተሸክመኸው ሰነበትክ አይደል?» አለው እያነባ። «እኔ እንዳልጎዳ ብለህ። አክረምን፣ ትንሹን ወንድማችንን።»

ነጅሙዲን ያኔ ገባው። ምላሱ ላይ ሌላ ውሸት ተዘጋጅቶ ቀረበለት፤ አክረም ታሞ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል ቢል ሁሉም አልሐምዱሊላህ ብሎ ይበተናል። ቀና ሲል ኢቅራን አያት። የሻሿን ጫፍ በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ምን እንደሚል የምትጠብቅ እሷ ብቻ ነበረች።

«ጋሼ» አለ፣ «አክረም ደህና ነው። የሞትከው አንተ ነህ።»

ቁርዓን የሚቀራው ሰው አቆመ። ነጅሙዲን እዚያው ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ፎቶዎቹን፣ ኔርሃን፣ ሮንዳን፣ የወጡትን እጆች። አንዱ ከጥግ ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ፈዋዝ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«የት ነው ውኃ የበላኝ?» ሲል ጠየቀው።

«ሐይቅ።»

ፈዋዝ መዳፉን ገልብጦ አየው። ያንን የልጅነት ታሪክ ከተቀመጡት መካከል ግማሹ ያውቀዋል፤ ፈዋዝ ሳይሆን ነጅሙዲን ራሱ በየሰርጉና በየዒዱ ሲያወራው ሰምተውታል። ነጅሙዲን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በቃኝ ብሎ የሚሄድበት፣ ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ አልነበረውም።

ለምን ብለህ ነው አለው ፈዋዝ በመጨረሻ። ልጅቷ ባሕር እንዳትገባ ብዬ፣ ለፈረንጆቹ እውነቱን መናገር አሳፍሮኝ አለ። ኢቅራ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ባሕር ገብቼ ስዊም እንደማላደርግ እኔ ከስብሰባው በፊት ለሚስስ ሊንድግረን ነግሬያታለሁ። ኦኬ ነው ብላኛለች። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

በጥፊ ብትመታው ይቀለው ነበር። ከዓመት በፊት ማንም ሳያዛት በራሷ ፈቃድ ሻሽ ያሰረች ልጅ ናት፤ ይህን የሚያውቅ አባት ነው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያቃተው። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ጫማውን ፈልጎ ወጣ። ሥራ አቋርጠው የመጡት ሲቆጡ፣ የቀሩት ደግሞ ለወራት ሲቀልዱበት ከረሙ። ወንድምህ ነፍሱን ይማረው፣ ትናንት ገበያ አየሁት ይሉታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ፈዋዝ ሁለት እሑድ ሳይመጣ ቀረ። ነጅሙዲንም ለመምህሯ ሳይነግራት ቀረ፤ ስልኩን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል። በሦስተኛው እሑድ ፈዋዝ መጣ። ሰላምታውን አሳጥሮ የሴትዮዋ ዕቃ የት እንዳለ ጠየቀ። የመስታወቱ ትሪ ታጥቦ ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል፤ ምግቡን ማንም አልነካውም ነበር። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ሻሂዳ ሳምቡሳ ጠብሳ እንድትሞላው አደረገ። ከዚያ ወንድሙን፣ ተነሥ፣ አንተ ነህ የምታደርሰኝ አለው።

መኪና ውስጥ ፈዋዝ ትሪውን ጭኑ ላይ ይዟል፣ የሳምቡሳው ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። ጃኒስ በሩን ስትከፍት ደስ አላት። ፈዋዝን አስታወሰችው፤ ሌላኛው ወንድም ብላ ጨበጠችው። ትሪውን ተቀብላ እያመሰገነች ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላት። ተማሪዎቹ ሮንዳ ሲወጡ ለሟቹ ሻማ ሊያበሩለት ተስማምተዋል፣ ስሙን ግን ማንም አያውቀውም፤ ማን ይባል ነበር ስትል ነጅሙዲንን ጠየቀችው።

«ፈዋዝ» አለ ነጅሙዲን።

ጃኒስ ስሙን እንዳትሳሳት ደጋግማ አለችው። ጥሩ ስም ነው አለች። ከዚያ ወደ ታላቅየው ዞራ፣ የእርስዎስ ስም ማን ነው አለችው።

ፈዋዝ ይህን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይመልሰዋል። አሁን ግን እጁን ኮቱ ኪስ ከቶ ወንድሙን ያይ ጀመር። ጃኒስም ወደ ነጅሙዲን ዞረች፤ ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር።

«ፈዋዝ እሱ ነው» አለ ነጅሙዲን።