ቦዩ ውሃ የያዘበት ሳምንት

ባለፈው ቅዳሜ ሊትልተን የምትባል ከተማ አራስ ልጠይቅ እየሄድኩ ነበር። ከሃቫና ስትሪት የሐበሻ ሱቅ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ገዝቻለሁ። መንገድ ተዘግቶ ጂፒኤሱ ባላሰብኩት አቅጣጫ አዞረኝና ያ ቦይ ዳር ያለው ሰፈር ፊቴ ድቅን አለ። ፓርክ አደረግኩና እጄን መሪው ላይ እንዳስቀመጥኩ ቀረሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሆን ብዬ ያላለፍኩበት ሰፈር ነው።

በሃያ አራት ዓመቴ እዚያ በእትዬ ብርቄ ቤት ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ባለው ክፍል ውስጥ እኖር ነበር። እትዬ ብርቄ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ሆስፒታል በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ቦዩ ድሮ ለእርሻ የተቆፈረ ነው። ቤቶቹ ትንንሽና አሮጌ ናቸው፤ አንዳንዱ በሩ ላይ የተሠራበት ዘመን ተጽፎበታል። ጸጥታው ወጣት ሰው ያሳብዳል! ሰው የሚገኘው ቦዩን ተከትሎ በሚሄደው የአፈር መንገድ ላይ ነው፤ እሱም ውሻው እየጎተተው። እትዬ ብርቄ ግን ኪሳቸውን ቆሎ ሞልተው ላገኙት ፈረንጅ ሁሉ ያዘግኑ ነበር። ጥርሱን ያልታመመ ጎረቤት አልነበረንም።

ቦዩ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውሃ የሚለቀቅበት አልፎ አልፎ ነው። ደብረ ብርሃን ያሉት እህታቸው እትዬ ዘነቡ በስልክ በተገናኙ ቁጥር "ውሃው መጣ ወይ?" ይላሉ። አልመጣም ሲባሉ "ታዲያ ቦይ ነው ወይስ ገደል?" ብለው ይስቃሉ። የምደውልላቸው እኔ ነበርኩ፤ እትዬ ብርቄ ከስልክ ጋር አይስማሙም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የእትዬ ዘነቡ ልጅ ዳዊት ወደ እኔ ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል።

"እማዬ አሟታል" አለኝ። "የአክስቴን ደም ግፊት ፈርቼ ነው ላንቺ የደወልኩት። ቀስ ብለሽ ንገሪያት።"

እንግዲህ አማርኛ የሚያውቅ ይፍረደኝ። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው መጀመሪያ "አሞታል" ይባላል፤ ቀጥሎ "ጠንቶበታል"። መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። ለብቻዋ ላለች ሴት ሞት አይነገርም። "ቀስ ብለሽ" ሲለኝ በቃ፣ ሞተዋል አልኩ። "ነፍስ ይማር" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ምነው ባልዋጥኩት! "ኧረ እማዬ አለች!" ብሎ ይጮህብኝ ነበር። እኔ ግን "አይዞህ፣ በርታ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ለጋሽ ተሰማ ደወልኩ። ታክሲ የሚነዱ፣ ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው የማይሆን ሽማግሌ ናቸው። "ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ መርዶውን ቅዳሜ ጠዋት እንነግራታለን። እስከዚያ አደራ፣ ከአገር ቤት ጋር እንዳትገናኝ" አሉኝ።

ማክሰኞ ውሃው መጣ። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥጥ የመሰለ ዘራቸው እየረገፈ፣ ቡናማው ውሃ ያንን ጥጥና የአምናውን ቅጠል እየገፋ ሲወርድ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን እንደ ልጅ ተከተሉት።

"በይ ደውይልኝ! ዘነቡ ትስማልኝ!"

"ኔትወርክ እምቢ አለ፣ እትዬ።"

"ደግመሽ ሞክሪ እስቲ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያልደወልኩትን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስ "ሆዴን ባር ባር አለው" ብለው ከምሳ ተነሡ፤ ሽሮው ቀዘቀዘ። እኔ ደግሞ፣ አይ ሞኝነት፣ ሥርዓት አወቅሁ ብዬ በራሴ ኮርቼ ነበር።

አርብ ጠዋት ዳዊት እያለቀሰ ደወለ። "እማዬ አረፈች።"

"መቼ?"

"ዛሬ ነዋ! አክስቴ ለምን አልደወለችም? ነግረሻት ትደውላለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጉልኝ ስትል ነበር።"

የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጋሽ ተሰማ የጠሯቸው ሰዎች መጡ፤ አሁን በእውነት አርፈዋልና የሚለወጥ ዝግጅት እንኳ አልነበረም። መርዶው ተነገረ። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን እየመቱ ሲጮኹ ጎረቤቶቹ ደንግጠው በየበራቸው ቆሙ። ረጋ ሲሉ "መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ሰኞ" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ከእኔ የሰሙትን፤ ስህተቴን ገና አልነገርኳቸውም።

ዝም ማለት እችል ነበር። "ትናንት ነው" አልኩ። "ሰኞ አሟታል ብሎኝ፣ እኔ ሞተዋል መስሎኝ..."

እትዬ ብርቄ ቀና ብለው አዩኝ። "ውሃው ሲመጣ? ማክሰኞ?"

"ነበሩ።"

"በሕይወቷ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ በወደድኩ። "እኔም ብሆን እንዳንቺው ነበር የማደርገው" አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

በመስከረም ከዚያ ቤት ወጣሁ። በየበዓሉ እሄድ ነበር፤ ይስሙኛል፣ ያጎርሱኛል። ስለዚያ ሳምንት ግን እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔም ይቅርታ ለማለት አፌ አልተፈታልኝም፤ አሁን ለማን ልበል?

አራሷ ቤት ዘግይቼ ደረስኩ፤ "ምነው ዓይንሽ ቀላ?" አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ዛሬ ሰው ደውሎ "እገሊትን አሟታል" ሲለኝ "ሞተች ወይስ አለች?" ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። አፈ ክፉ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። አለች ካሉኝ ዘመዷን ከሥራም ቢሆን አስጠርቼ አሁኑኑ ደውል እለዋለሁ። ሃሎ ተባብለው ማውራት ሲጀምሩ ግን አልችልም፤ ውጭ ወጥቼ አለቅሳለሁ።