ማዶ ያለው ቀይ መጋረጃ

ከሾላ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ቦሌ አራብሳ የገባን ቀን፣ እናቴ ሳህኖቹን ከካርቶን አላወጣችም። «ቆይ እስኪ፣ ትንሽ እንየው» አለች። የራሳችን ቤት ነው፤ አባቴ ስንት ዓመት ሲያልመው የኖረው ኮንዶሚኒየም። ግን ብሎኩ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልገባም። ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ሳስነጥስ ድምፁ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ይመለሳል። እውነቴን ነው፣ ሞክሬዋለሁ።

አባቴ ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠራው፤ በጠዋት ይወጣል። ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም። እኔና እናቴ ብቻችንን እንቀራለን። ሾላ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ነበርን፤ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢያንስ ሁለት ሴት አጠገቧ ታወራ ነበር። እዚህ የምታወራው ከጀሪካኑ ጋር ነው። «አንተ ደግሞ ዛሬም ባዶ ነህ?» ትለዋለች።

ፊት ለፊታችን ባለው ብሎክ፣ መግቢያው በወዲያ በኩል በሆነው፣ አንድ መስኮት ላይ ቀይ መጋረጃ አለ። ጠዋት ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። ሰው አለ ማለት ነው! ልሂድ ስል እናቴ ተቆጣች።

«አዲስ ገቢዎቹ እኛ ነን። ዳቦ ይዞ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለው ነባር ነው። እንግዳ ሄዶ ተቀበሉኝ ይላል እንዴ?»

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ማንም አላንኳኳም። እሑድ ከቸርች ስንመለስ እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠችና፣ «ወሩ ሲያልቅ እናከራየውና ሾላ እንመለስ። እዚህ ብሞት የሚያለቅስልኝ የለም» አለችው አባቴን። እሱ ቁልፉን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ሊስማማ ነው ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሹልክ አልኩ። ጭቃው ነጠላ ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ። ባለ ቀይ መጋረጃውን ቤት ሳንኳኳ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴትዮ ከፈተችልኝ። ማዶ ካለው ቤት መሆኔን ስነግራት ወገቧን ያዘች።

«በስንት ጊዜያችሁ!»

«እ?»

«ነባሮቹ አይደላችሁ? ከገባን ሦስት ሳምንታችን፣ አንድ ሰው ብቅ ይላል? ኩራተኞች ናቸው እያልኩ ባሌን ሳደርቀው ነው የሰነበትኩት!»

«እኛም... ሦስት ሳምንታችን ነው። እናንተን ስንጠብቅ ነበር።»

ወገቧን ለቀቀች። ከዚያ ሳቀች፤ ባዶው ደረጃ ሁሉ አብሯት ሳቀ። ከኋላዋ ያልተፈቱ ካርቶኖች ተደርድረው አየሁ።

«እማዬ ወሩ ሲያልቅ እንሄዳለን እያለች ነው» አልኳት።

«የት ነው የምትሄደው? ቆዪኝ» አለችና ነጠላዋን ጎተተች።

ይዣት ቤታችን ገባን። እናቴ ነገሩ ሲገባት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ስረግምሽ ነበር።»

«እኔስ!»

ከዚያ እናቴ ዳቦ ቆረሰች። ማቅረቢያ ግን የለም። ዞር ዞር ብላ አየችና በያዘችው ቢላዋ የካርቶኑን ፕላስተር ሰነጠቀችው።

እንግዳዋ ስትሄድ ቤቱ እንደገና ጭር አለ። ሌሎቹ መስኮቶችም ያው ባዶ ናቸው። እናቴ ግን ሳህኖቹን አጥባ መደርደሪያው ላይ ደረደረቻቸው፤ ካርቶኑን አጣጥፋ በሩ ሥር፣ ጭቃ መርገጫ አደረገችው።