ጭልፊቶቹ የሄዱበት ጫካ

በ2017 ዓ.ም. የሰባ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ከፒያሳ ተነስቼ በሆለታ መንገድ ወዳለው ጥብቅ ደን የሄድኩት ወፍ ፍለጋ ነው። ቤተሰቤ ሳቀብኝ። ይሳቁ።

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አርባ ዓመት ስጋ ሸጫለሁ። ጠዋት ደጃፌ ላይ ቢላዬን በመሳያው ብረት ሳፋጭ፣ ከጓሯችን ትልቅ ጽድ ላይ ጭልፊቶች ይወርዱ ነበር። ብጥስጣሽ ስጋ እወረውራለሁ፤ መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። አንደኛው ግራ እግሩ ጠማማ ነው፤ ሸፋፋው እለው ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ስጋ ቤቴም ጽዱም ሄዱ። እኔ እዚያው አራዳ ልጄ ቤት ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ቁጭ ብዬ የማልቆርጥበትን ቢላ አፋጫለሁ፤ የሚመጣ የለም። አንድ የድሮ ደንበኛዬ እዚያ ጫካ ጭልፊት ሞልቷል ሲለኝ፣ ሸፋፋው መኖሩን ሳላይ መቀመጥ አቃተኝ።

አስኮ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ሻይና ቦምቦሊኖ በአርባ ብር ቀመስኩ። ፌስታሌ ውስጥ አንድ ኪሎ ብጥስጣሽ አለ፤ ቢላውና ብረቱ የኮቴ ኪስ ውስጥ። የሆለታው መኪና ረዳት ፌስታሉን አሸተተና፣ «ፋዘር፣ ለዚህማ ለብቻው ይከፈላል» አለኝ።

«ካንተ ካልሲ ይሻላል» አልኩት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ቡራዩን ስናልፍ ብርዱ በመስኮት ገባ።

ደኑ በር ላይ

ጠባቂዋ ጫልቱ ትባላለች። ኪሴን ፈትሻ አየችኝ።

«አባባ፣ ወፍ ለማየት ነው ቢላ የያዙት?»

«ልጠራቸው ነው» ብዬ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳት።

«እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ። ስጋው ግን እዚህ ይቆያል። ሰው ያበላው ወፍ መንገድ ዳር መዋል ይለምዳል። አምና አንዱን መኪና ገጨው።»

«የኔዎቹ እኔ ካላበላኋቸው ማን አላቸው?»

«ሁዳዴ ሲገባ ስጋ ቤቱን አይዘጉም ነበር?»

«እዘጋለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ሃምሳ አምስቱን ቀን ምን ይበሉ ነበር?»

አርባ ዓመት ይህን አስቤው አላውቅም። ፌስታሉን በሩ ላይ አስቀመጥኩ።

ጽዱና ዝግባው ቁልቁል ወርዶ ረግረጉ ዳር ያበቃል። ጭልፊቶቹ ዛፉ ላይ ያድራሉ፣ ረግረጉ ላይ እንቁራሪትና አይጥ ያድናሉ አለችኝ። «ረግረጉ ከደረቀ ዛፉ ብቻውን አይበቃቸውም። ከብት ረግጦ እንዳያበላሸው የምንከለክለው ለዚህ ነው።»

አንድ ጭልፊት ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። እግሩ አልታይ አለኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ጫልቱን ሳላስፈቅድ ቢላውን አወጣሁና አንዴ አፋጨሁ።

ራሱን አዞረ። ክንፉን ከፈተ።

አንዴ ብደግም ይወርዳል፤ እግሩንም አያለሁ። ጫልቱ እጄን ነበር የምታየው። ከኋላችን መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ያጓራል። ቢላውን ኪሴ ከተትኩት። ወፉ ትንሽ ጠበቀና ክንፉን ሰበሰበ።

«እሱ ነው?» አለችኝ።

«እንጃ።»

ፒያሳ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት

ከደኑ በር መልሼ የወሰድኩትን ስጋ ለአስኮ ውሾች ሰጥቼ ቤት ገባሁ። ልጄ «አባዬ፣ አገኘኸው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት። ለካ እኔ ነኝ እነሱን የለመድኩት። ይናፍቁኛል፣ አሁንም ይናፍቁኛል፤ ግን እዚያው ይኑሩ።

በማግስቱ ጠዋት የልጄ የወጥ ቤት ቢላ ደንዞ ነበር። ደጅ አልወጣሁም፣ ብረቱንም አላነሳሁም። ጓዳ ገብቼ በእርጥብ ድንጋይ፣ ድምፅ ሳላሰማ ቀስ አድርጌ ሳልኩላት።