የሱብሂ ውሃ

የደሴ ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሆጤ ሰፈር ግቢያችን ሲገባ አጥሩም በሩም ይጠፋሉ። ያኔ ዓለም ማለት እኛና የአባቴ የዉዱእ ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለሳሙናውም ለስኳሩም ቀበሌ የምንሰለፍበት የደርግ ዘመን ነው። አባቴ በርሜል ውስጥ ባደረ፣ አጥንት በሚሰብር ውሃ ታጥቦ ሱብሂን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ይሰግዳል። "በብርድ ሲሆን አጅሩ፣ የአላህ ምንዳው፣ ይበልጣል" ይላል።

አንድ ንጋት ታጥቦ ሳይጨርስ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ሆስፒታል ወስደነው ደሙ ተመረመረ።

"የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ወደ ደም ይፈስሳል። በእርስዎ ደም ውስጥ በዝቶ አገኘነው" አለው ሐኪሙ። "ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ልብዎ ሁለተኛ ጉዳት አይችልም። ሞቅ ወዳለው ኮምቦልቻ ይውረዱ።"

"መስጊዴን ጥዬ? ወላሂ አልወርድም!"

እርር አልኩ። የገዛ ልቡ እኮ ነው፣ የጎረቤት ዶሮ ነው እንዴ!

ከሆስፒታል ሲወጣ ኢንዛይሙ ወርዶ ነበር፤ የተጎዳው ጡንቻ ግን እንደ ድሮው አይሆንም ተብለናል። ጨነቀንና የሰፈራችንን ሼህ ጠራን። "ነፍስ አማና ናት፣ የአላህ አደራ። ውሃው ይሙቅልህ፣ አጅርህ አይጎድልም" አሉት። ለሞቀ ውሃ እሺ አለ፣ ለኮምቦልቻ ግን አሻፈረኝ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ቀድማ ትነሳ ጀመር። በእንቅልፍ ልቤ እሳቱን አያለሁ፤ ጭሱ ከጭጋጉ ጋር ሲቀላቀል፣ እሷም አንዴ ስትታይ አንዴ ስትጠፋ። እውነት ይሁን ህልም ሳልለይ እንቅልፍ መልሶ ይወስደኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ማለዳ ማንቆርቆሪያውን ስታቀብለው በረዶ የሆኑ ጣቶቿ እጁን ነኩት። አባቴ ክው አለ።

"አንቺ በምንድነው የምትታጠቢው?"

"በበርሜሉ ነዋ። ማገዶው ለሁለት መች ይበቃል? እርስዎ ብቻ ይዳኑልኝ።"

አባቴ እጇን ስቦ የሞቀውን ውሃ ቀስ እያለ አፈሰሰላት፣ እስኪያልቅ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ፀሐይ ስትወጣ ዕቃ ሰብስቡ" አለን። "ኮምቦልቻ እንወርዳለን።"

"መስጊድዎስ?" አለችው እናቴ።

"አላህ ኮምቦልቻም አለ" አላት።