ከሄድፎን ጋር የተጣላሁበት ዘመን

ሞኝነቴን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ሰው በሰው ሀብት ይቀናል፣ በሰው ሹመት ይቀናል። እኔ በኮምፒውተር ድምፅ ቀንቼ ምግብ ያስጠላኝ ሰው ነኝ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፤ «የሴት ድምፅ ቢሆን እንኳ ይገባኝ ነበር» ትላለች።

ሥራውን የጀመርኩት ጂንካ ገበያ አጠገብ በነበረች አንዲት ጽሕፈት ቤት ነው። ደርግ ከወደቀ የተወሰኑ ዓመታት አልፈው ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሰይፉ ከመሀል አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው። ኮምፒውተር ሲያመጡ፣ ታይፕ ስለምችል እኔን ቀጠሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት «በል አብራው» ብለውኝ ወጡ። እኔም ስክሪኑን አብርቼ ቁጭ አልኩ። ሌላም የሚበራ ሳጥን እንዳለ ማን ነገረኝ?

ደንበኛ መጣ። የድንበር ክርክር ማመልከቻ ሊያስጽፍ ነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ እመታለሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ፊደሉ ቆይቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ልናትም ስንል ጋሽ ሰይፉ ገቡ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ማመልከቻ እየጻፍኩ።»

«ምን ላይ?»

እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደው ሳጥኑን በጫማቸው ነካ አደረጉት። «ፊቱን አብርተህ ጭንቅላቱን ረሳኸው» አሉኝ። «ለነገሩ አንተኑ ነው የሚመስለው።»

ደንበኛው ማመልከቻውን እንደገና ከመጀመሪያው ተናገረ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተሻለ ስድብ ነበረበት።

እዚያ ቤት ብዙ ተማርኩ። ዲስኬት ማጽዳት፣ ቫይረስ መግደል፣ ቀለም ያለቀበትን ቶነር አራግፎ ሌላ ሃያ ገጽ ማስወጣት። አቧራ የምናስወጣው ከሳይክል ጠጋኙ በተዋስነው ፓምፕ ነው። ጋሽ ሰይፉ ሱቁን ሲዘጉ ወደ አንድ የአካል ጉዳተኞች ማሠልጠኛ ገባሁ። የሥራ መደቤ «ረዳት አሠልጣኝና አንባቢ» ይባላል። አንባቢ ማለት ስክሪኑ ላይ የወጣውን ማየት ለማይችሉ ሠልጣኞች ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር የማነበው።

ጂንካ ውስጥ ማንበብ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እኛ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይልና ይቆማል። አስተርጓሚው በአካባቢው ቋንቋ፣ በአሪኛ ይለዋል። ከዚያ ነው የሚቀጥለው። እኔም ያደግኩት በዚህ ነው። ክፍል ውስጥ አንዱን መስመር በአማርኛ ስል፣ አንዱ ለጎረቤቱ በአሪኛ፣ ሌላዋ ለጓደኛዋ በበንኛ ታቀብላለች። ሹክሹክታው ሳያልቅ ቀጣዩን መስመር ማንበብ ነውር ነው።

ኪቦርድ የምናስለምደው በጨዋታ ነበር። አንድ በጎ ፈቃደኛ ጭኖልን የሄደ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ እኛ «ሰርጎ ገቡ» እንለው ነበር። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቻ። አንተ ሀከር ነህ። የአንድ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ትገባለህ፣ የሠራተኞቹን ኢሜል ታነባለህ፣ ፓስወርዳቸውን ከወሬያቸው ትለቅማለህ፣ ትእዛዝ ጽፈህ ወደሚቀጥለው በር ታልፋለህ። ሰው ሁሉ ሐሜተኛ መሆኑን ያኔ ነው ያረጋገጥኩት፤ ፈረንጁም ጭምር።

የኔ ዋና ተጫዋች ጴጥሮስ ነበር። ጂንካ አቅራቢያ ያለችው የገዘር ከተማ ሰው ነው፤ ሁለቱም ዓይኑ አያይም፤ ጂንካ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያስባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ማነው ጎበዙ? ሰው ሁሉ እኔ ይመስለው ነበር። እኔም አላስተባበልኩም። ለጨዋታው ዘበኛ ወፍራም ድምፅ እሰጠዋለሁ፤ ለሥራ አስኪያጇ የራሳችንን አስተባባሪ፣ የወይዘሮ ትርንጎን ድምፅ። የገበያ ቀን ሰው በመስኮት ቆሞ ይሰማኝ ነበር። አንዲት ማር ሻጭ እማማ «ዛሬ ያ ዘበኛ ያዛችሁ ወይስ አመለጣችሁ?» ሳትለኝ አታልፍም።

የማናልፈው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ግምጃ ቤቱ። እዚያ ስትገባ ቀይ ሰዓት ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። እስኪያልቅ ድረስ ረጅም ጽሑፍ አንብበህ ትክክለኛውን ቃል መጻፍ አለብህ። እኔ መስመር አነባለሁ፣ እቆማለሁ፣ አሪኛው ያልፋል፣ በንኛው ያልፋል። ጨዋታው ደግሞ አስተርጓሚ አያውቅም። ሁልጊዜ እንባረራለን። ጴጥሮስ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታና «አንድ ቀን እገባለሁ» ይላል።

ከዚያ ሰላም መጣች። አርባ ምንጭ ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረሰች ወጣት ናት። ዋና አሠልጣኝ ሆና ተቀጠረች፤ አለቃዬ ማለት ነው። የጨዋታውን አዲስ ቅጂ በፍላሽ አምጥታ ጫነችና ሴቲንጉን ከፈተችልን። ፊደሉ ይተልቃል። ቀለሙ ይቀየራል። ቀዩን ሰዓት ለማያይ ሰው በድምፅ ያስጠነቅቃል። ሰዓቱ ይዘገያል፣ ሲፈልጉም ይቆማል። ጽሑፉን ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ድምፅም አለው።

ሄድፎኑን ጴጥሮስ ጆሮ ላይ አደረገችለት። ጴጥሮስ ብቻውን ፈገግ አለ፤ ቆይቶ ሳቀ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ቆይ ታሜ፣ ልስማ።»

ቆይ አለኝ! እኔን! ስንት ዓመት ሙሉ ዘበኛም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ሌባም ሆኜ ያገለገልኩት ሰውዬ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሄድፎን እንደ ጣውንት አየሁት። ጴጥሮስ የድምፁን ፍጥነት እያሳደገ፣ እያሳደገ ሄደ። አንድ ቀን ተደብቄ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ በቆሎ ብረት ምጣድ ላይ ሲፈነዳ ነው የሚመስለው። አንድ ቃል አልያዝኩም። እሱ ግን በዚያ ፍንዳታ ውስጥ ሰው ሲያማ ይሰማል።

«አፍንጫው የተደፈነ ነው የሚመስለው» አልኩት። «ለዛ የለውም።»

«ለዛ የለውም» አለ ጴጥሮስ። «ግን አይስልም፣ አያዛጋም፣ ቁርስ ልብላ ብሎ አይሄድም።»

ነገሩ ቢሮ ደረሰ። ወይዘሮ ትርንጎ ጠሩኝ። «አቶ ታምሩ፣ የመደቦች ሪቪው እየሠራን ነው» አሉኝ። «ሲስተሙ ራሱ የሚያነብ ከሆነ አንባቢ የሚለው መደብ ጀስቲፊኬሽኑ ምንድን ነው? ይታሰብበት።»

እኔ እንጀራዬ ነው የሚታሰብበት። ከቢሮው ወጣሁ። ያን ጊዜ ረጋ ብዬ ባስብ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ቅናት ላይ ነበርኩ። ተመልሼ ገባሁና «የወላጆች ጉብኝት ቀን እኔና ጴጥሮስ ግምጃ ቤቱ ላይ እንወዳደር» አልኳቸው። «እኔ በዓይኔ፣ እሱ በማሽኑ። ያኔ ሰው ይሻላል ወይስ ዕቃ ይታያል።»

ሰላም ሰማችና ፊቷን አዞረች። «ጋሽ ታምሩ፣ ዓይን ያለው ሰው የሌለውን ቢያሸንፍ ምን ይባላል?»

«ጨዋታ ነው» አልኩ።

ለጴጥሮስም ነገርኩት። «አንተን ማሸነፍ አልፈልግም» አለኝ። «ግምጃ ቤቱን ግን እፈልገዋለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሰላም ለጴጥሮስ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ከፈተችለት፤ ሰዓቱን ላዘግየው ስትለው እንዳለ ይሁን አላት። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አለች።

«ፊደሉን ላተልቅልዎት?»

«ለማን? ለኔ?» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። እውነቱን ለመናገር ፊደሎቹ ከሩቅ እንደሚታይ ፍየል መንጋ ነበሩ። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ ለማንም አልተናገርኩም። አንባቢ ዓይኑ ደከመ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጀመርን። በሮቹን በቀላሉ አለፍኩ። ግምጃ ቤቱ ጋ ደረስኩ፣ ቀዩ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። አሁን በልቤ ማንበብ ነው የሚጠበቅብኝ። ዓይኔን አጨንቁሬ የመጀመሪያውን መስመር ያዝኩ። አፌ ተከፍቶ አነበበው። በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ፣ በዘበኛው ድምፅ። ሰዉ ሳቀና ለጎረቤቱ ማቀበል ጀመረ። እኔስ ምን አደረግኩ? ሹክሹክታው እስኪያልቅ ቆምኩ።

ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ታምሩ፣ ቀጥል! ሁለተኛውን መስመር አነበብኩ። አሁንም አፌ፣ አሁንም ማቆም። ወላጆች ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደኔ ተጠጉ። ወይዘሮ ትርንጎ ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ። የጨዋታዋ ሥራ አስኪያጅ በራሳቸው ድምፅ ስትናገር ሲሰሙ ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሰዓቱ አለቀ። «ተይዘሃል» የሚለውንም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ወይኔ!» አለ አዳራሹ። አንድ አባት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው።

ያኔ ነው ሰላም «ጴጥሮስ እኮ ገብቷል» ያለችው።

ሁላችንም ዞርን። ጴጥሮስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ማንም አላየውም፤ አንድም ሰው አላጨበጨበለትም። «ቅድም ነው የገባሁት» አለ። «ገባሁ ብዬ ነበር።»

«ውስጥ ምን አለ? ምን አለ?» ሰዉ ተንጫጫ።

ሰላም የሄድፎኑን ገመድ ነቀለች። ድምፁ በስፒከር ወጣና ያ በቆሎ አዳራሹ ውስጥ ፈነዳ። ማንም ምንም አልገባውም። ከዚያ አንገት ሁሉ ወደኔ ዞረ። «ታምሩ፣ ምን ይላል?»

ለጣውንቴ አስተርጓሚ ልሆን ነው! አላውቅም ብዬ ልወጣ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ጴጥሮስን አየሁት። ያን ያህል ዘመን የፈለገበት ቦታ ገብቶ፣ የሚነግረው ሰው አጥቶ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። «ቀስ አድርገው» አልኩት። ፍጥነቱን አወረደው። ማሽኑ አንድ መስመር አለ። እኔ በአማርኛ አልኩት። ሹክሹክታው አለፈ። ጴጥሮስ ጆሮውን ወደ ሰዉ አድርጎ ጠበቀና፣ ሲያልቅ ቁልፉን ተጫነ። ቀጣዩ መስመር መጣ።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ ምን ነበረ መሰላችሁ? የሌላ ግምጃ ቤት በር። «ኧረ በቃ!» ብለው ወላጆች በሳቅ ሞቱ። እነሱን ያሳቃቸው ማሽኑ ነው ወይስ እኔ ብዬ አሁንም የምበሳጭበት ቀን አለ።

አንባቢ የሚለው መደብ ተሰረዘ። ወይዘሮ ትርንጎ «ሪፖርቱ ላይ የሲስተሙ ረዳት ብዬ ልሙላ?» አሉኝ። «ኧረ እባክዎ፣ ተርጓሚ ይበሉኝ» አልኩ። «እሺ» አሉ፤ «ግን የኔን ድምፅ ለዚያች ክፉ ሥራ አስኪያጅ መስጠቱን ያቆማሉ።»

ሴቲንጉን በኋላ ለብቻዬ ከፍቼ ፊደሉን አተለቅኩት። አራት ቃል ብቻ ስክሪኑን ሞላው። ሰላም በበሩ ስታልፍ አየችኝ። «ጋሽ ታምሩ፣ ከመንገድ ማዶ ሆነው ነው የሚያነቡት?» አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ ልኩን አሳየችኝ።

ለእናንተ ወደ ሥራው አሁን ለምትገቡት የምለው ይህን ነው። ሰው በራሱ ጆሮ መስማት ከቻለ በእናንተ አፍ ስማ አትበሉት። አዲስ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሴቲንጉን ከመስደባችሁ በፊት ክፈቱት፤ ለራሳችሁ የሚሆን ነገር አይጠፋም።

ያን ቀን እንግዶቹ ሲሄዱ ጴጥሮስን ለብቻው ያዝኩት። «እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። «ማን ነው ደህና የሚያነበው? እኔ ወይስ እሱ?»

«እሱ ይሻላል» አለኝ፣ ሳያስብ። «ዝም በል ስለው ዝም ይላል። አሁን አንተም ዝም በልና የገዘር ሚኒባስ ጋ አድርሰኝ።»