የክላሪ ድምፅ አልባ ማጣሪያ

ክላሪ ታኬት ሮክሃምፕተን በምትባል ሞቃት ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ያን ሁሉ ፉርጎ ይጎትት የነበረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያዝበት ነገር ሳሎኑ ውስጥ ያለው አኳሪየም ብቻ ሆነ። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለም። ውስጡ የሚኖረው ትሬቨር የተባለ ወርቃማ ዓሣ የሚስቱ የዴዝሊ ነው። ዴዝሊ እህቷን የቀበረች ዕለት ነው ትሬቨርን ከእህቷ ቤት በባልዲ ይዛው የመጣችው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠዋት ጠዋት የተቀቀለ አተር እየላጠች ከእጇ ታበላዋለች፤ የሠፈሩንም ወሬ አትደብቀውም።

ክላሪ በከተማው የዓሣ አርቢዎች ክለብ ውስጥ እጁን ሳያወጣ ያለፈው ስብሰባ የለም። በተለይ ዓሣ የሚያስታውሰው ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው የምትለውን ትምህርቱን ያልሰማ አባል ካለ፣ ጆሮው የደነቆረው ሽማግሌው ፐርሲ ብቻ ነው።

ክለቡ በየዓመቱ በየካቲት ሙቀት፣ ሌላ ወር የጠፋ ይመስል፣ ከሌላ ከተማ ዳኞች አስመጥቶ ምርጡን አኳሪየም እንዲለዩ ቤት ለቤት ያዞራል። ክላሪ ዘጠኝ ጊዜ ተወዳድሮ ዘጠኝ ጊዜ ያገኘው «ለተሳትፎ» የሚል ወረቀት ነው። ዘንድሮ ግን ጥፋተኛዋን ደረሰባት፤ ጥግ ላይ ቆማ አረፋ የምታወጣዋ አሮጌ የስፖንጅ ማጣሪያ ናት። ቀኑን ሙሉ እንደ ድስት ትንተከተካለች። እንዲህ ያለ የድሃ ድምፅ እየሰማ ማን ሽልማት ይሰጣል?

በምትኳ ባልዲ የሚያህል፣ ከአኳሪየሙ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ የሚደበቅ ማጣሪያ ገዛ። ትንፍሽ አይልም። ውሃው ሲመለስ እንዳይንጫጫ መመለሻ ቱቦውን ወደ ታች ሰደደው፤ የውሃው ፊት ቀጥ ብሎ ረጋ።

«ክላሪ፣ ይሄ ውሃ አየር አያገኝም» አለች ዴዝሊ።

«በሰዓት ስድስት ጊዜ እኮ ነው የሚጣራው።»

«መጣራቱን ማን ካደ? የተጠረገ ቤትም መስኮቱ ከተዘጋ ያፍናል።»

መመሪያውን ሁለት ጊዜ እንዳነበበ ነግሯት አሮጌዋን ማጣሪያ ጋራዥ ወረወራት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ቢባልም እሱ ጥምጥሙን ጨርሶ ነበር።

የውድድሩ ቀን ሙቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ገባ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው አየር እንደሚያንስ ክላሪ ራሱ ክለቡን ያስተማረው ነገር ነው። ግን የጣሪያው ማራገቢያ ውሃውን እንዳያንቀሳቅስበት አጠፋው፤ ቤቱ እንዳይሞቅም ዴዝሊን ለዳኞቹ የሚቀርበውን ኬክ ጎረቤት ሄዳ እንድትጋግር አደረጋት።

ሁለቱ ዳኞች በላብ ተጠምቀው ገቡ። አለቃዋ ወይዘሮ አይልሳ ብራንት ናቸው፤ በጡረታ ያሉ አዋላጅ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት። ትሬቨር የውሃው ፊት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ለእንግዶች ሰላምታ እየሰጠ ነው» አለ ክላሪ።

«ሰላምታው በዛ» አሉ ወይዘሮ አይልሳ። «ይሄ ዓሣ እየታፈነ ነው።»

ክላሪ ስለ ማጣሪያው ጉልበት ማስረዳት ጀመረ። የጀመረውን ሳይጨርስ ዴዝሊ ኬኳን ይዛ ገባች፤ ትሬቨር በጎኑ ማዘንበል ጀምሯል። ኬኩን የት እንዳስቀመጠችው ዛሬም አታስታውስም። የሻይ ውሃ ጆጉን አንስታ ከአኳሪየሙ እየቀዳች፣ አየር እንዲይዝ ክንዷን ሽቅብ ሰቅላ መልሳ ታፈስሰው ጀመር።

«ክላሪ፣ ማጣሪያዬን አምጣ» አለች፣ ዞር ብላ ሳታየው።

ክላሪ ማስረዳቱን ትቶ ጋራዥ ሮጦ ማጣሪያዋን ከሣር ማጨጃው ሥር ጎትቶ አወጣ፤ ባቡር ሲነዳ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ሲመለስ ወይዘሮ አይልሳም የአበባ ማስቀመጫ ይዘው ይቀዳሉ፣ ያፈስሳሉ፤ ሌላው ዳኛ ማራገቢያውን አብርቷል፤ ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው።

አሮጌዋ ማጣሪያ መንተክተክ ከጀመረች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትሬቨር ክንፉን ዘርግቶ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ያኔ ዴዝሊ ጆጉን እንደያዘች ተቀምጣ አለቀሰች።

አሁን ሁለቱም ማጣሪያዎች አብረው ይሠራሉ። የአዲሱም ቱቦ ወደ ላይ ተነሥቶ ውሃውን ያንጫጫዋል። አሥረኛው የተሳትፎ ወረቀት በዴዝሊ ስም መጣ። ክላሪም ሳይታዘዝ ጠዋት ጠዋት አተር ይልጥ ጀመር። እጁን ወደ ውሃው ሲሰድ ግን ትሬቨር ከድንጋዩ ጀርባ ይገባል፤ የዴዝሊ እጅ ሲመጣ ብቻ ነው የሚወጣው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ጠዋት ዴዝሊ ከበስተኋላው ቆማ አየችው።

«የትሬቨር ሦስት ሰከንድ ገና አላለቀም መሰለኝ» አለችው።

ክላሪ አተሩን በእጇ አስቀምጦላት ትሬቨር እንዲወጣ ከአኳሪየሙ ራቅ ብሎ ቆመ።